ሶዶ ላይ ቦይለሩ ተሽጧል፤ ኤለመንቱስ?

«ቦይለር አለው» የምትለዋ አጭር ቃል በወላይታ ሶዶ ደላሎች አፍ ዋጋ አላት። ከዳሞታ ተራራ ሥር በተቆረቆረችው ከተማ የክረምቱ ጠዋት ይቀዘቅዛል። ከአዲስ አበባም ሆነ ከአርባ ምንጭ ለሥራ የመጣ እንግዳ ክፍል ሲይዝ ከአልጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው የሙቅ ውሃውን ነገር ነው። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተመሥርቶ ሶዶ የአስተዳደሩ መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የትልልቅ ሆቴሎች ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የእንግዳ ማረፊያ የሚከፍተውም፣ ቤት ሠርቶ ለመንግሥት ሠራተኛ የሚያከራየውም ቦይለር ይገዛል።

ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ቦይለር መግዛትና ሙቅ ውሃ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ግዢዎች ናቸው። የመጀመሪያው አንድ ቀን ተከፍሎ ያልቃል፤ ሁለተኛው ዕቃው ግድግዳ ላይ እስካለ ድረስ ይከፈላል። ገበያው የተደራጀው ለመጀመሪያው ነው። ቦይለሩ በካርቶኑ ተደርድሮ ይታያል፤ ውስጡ ያለው ኤለመንት ሲቃጠል ግን መለዋወጫው የሚፈለገው መርካቶ ነው። እዚያም «የየትኛው ማርክ ነው?» የሚል ጥያቄ ይጠብቃል።

ይህ አሠራር ዶላር ርካሽ በነበረበት ዘመን ብዙም አይጎዳም ነበር። የተበላሸውን አውርዶ አዲስ መስቀል ይቻል ነበርና። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቀው ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቦይለር ደግሞ በዶላር ተገዝቶ የሚመጣ ዕቃ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፉም በየሩብ ዓመቱ ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል ተወስኗል። በወላይታና በዳውሮ መካከል ያለው፣ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ለሶዶ ነዋሪ ግን የግድቡ ጎረቤትነት ቆጣሪው ላይ ቅናሽ አላመጣለትም።

እስቲ ሒሳቡ ይታይ። 50 ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። 1,500 ዋት ኤለመንት ያለው ቦይለር ይህን ለመሥራት ከአንድ ሰዓት ተኩል ትንሽ ይበልጥ ይወስድበታል። አሥር ክፍል ያለው ማረፊያ በቀን አንድ አንድ ጊዜ ቢያሞቅ በወር 700 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይቆጥራል። ይህ የማይቀር ወጪ ነው። የሚቀረው ወጪ ሌላው ነው፤ እሱም ያለ ዕድሜው የሚሞት ኤለመንት፣ የሚበሳ በርሜል፣ ሙቅ ውሃ አጥቶ ሒሳብ የሚያስቀንስ እንግዳ።

እዚህ ላይ በሻጮች ዘንድ የተለመደ አንድ ስሕተት መታረም አለበት። «ኤለመንቱ ኖራ ከያዘ ኤሌክትሪክ ይበላል» ይባላል። በጋዝ ለሚሠራ ማሞቂያ እውነት ነው፤ ሙቀቱ ውሃው ውስጥ መግባት ሲያቅተው በጭስ ማውጫው ይወጣልና። የኤሌክትሪክ ኤለመንት ግን ውሃው ውስጥ ተጠምቆ ስለሚሠራ የሚያመነጨው ሙቀት መሄጃ የለውም፤ ዘግይቶም ቢሆን ውሃው ውስጥ ይገባል። በ2009 እ.ኤ.አ. ባተል የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ባደረገው ሙከራም የጋዝ ማሞቂያዎቹ ብቃት ኖራ ሲይዛቸው ሲወርድ የኤሌክትሪኮቹ ባለበት ቆይቷል። ታዲያ ጉዳቱ ምኑ ላይ ነው? የኖራው ቅርፊት ኤለመንቱን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። ሙቀቱ ቶሎ ስለማይወጣ ኤለመንቱ ራሱን ያቃጥላል። ባለቤቱ የሚከስረው በየወሩ ቆጣሪው ላይ ሳይሆን ድንገት፣ አብዛኛውን ጊዜም ክፍሎቹ ሁሉ በተያዙበት ሰሞን ነው። ይህን መለየት የሚጠቅመው ለጥገና የሚመደበው ገንዘብ ከኤሌክትሪክ ቢል በሚገኝ ቁጠባ ይመለሳል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ስለሚሳሳት ነው። የሚመለሰው ከዕቃው ዕድሜ ነው።

ኖራው ከየት መጣ? ውሃ በድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይወጣል። ሲሞቅ፣ በተለይም ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ፣ የያዘውን ነጭ ድንጋይ አድርጎ ይጥለዋል። የኢትዮጵያ የመጠጥ ውሃ ደረጃ ለዚህ የሚፈቅደው ጣሪያ በሊትር 300 ሚሊግራም ነው። ጣሪያው ላይ የደረሰ ውሃ በቀን 50 ሊትር የሚያልፍበት ቦይለር በዓመት 5 ኪሎ ተኩል ገደማ ኖራ ያልፍበታል። ሁሉም አይቀመጥም፤ የተወሰነው ብቻ ቢቀመጥ ግን ኤለመንቱን ለመቅበር ይበቃል። ለጤና አይጎዳም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በጤና ምክንያት ያስቀመጠው ገደብ የለም። ጠላትነቱ ከቦይለር፣ ከማንቆርቆሪያና ከሳሙና ጋር ነው።

በአገራችን የዚህ ነገር ትምህርት ቤቶች ድሬዳዋና መቀሌ ናቸው። የድሬዳዋ የሳቢያን ጉድጓዶችም ሆኑ መቀሌ ለረጅም ዓመታት የጠጣችው የዓይናለም ውሃ የሚወጡት ከኖራ ድንጋይ ንብርብር ነው። ድሬዳዋ ሙቀቷ ስለሚበቃት የችግሩን ምልክት የምታየው በማንቆርቆሪያዋ ሆድ ውስጥ ነው። መቀሌ ግን ደጋ ስለሆነች ቦይለር ትፈልጋለች፤ ኖራውንም ታውቀዋለች።

ሶዶ ግን መቀሌ አይደለችም። የወላይታ መሬት በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ድንጋይ ነው። እንዲህ ካለ ተራራ ሥር የሚፈልቅ የምንጭ ውሃ ብዙውን ጊዜ ቀለል ያለ ነው። ወደ ስምጥ ሸለቆው፣ ወደ ሁምቦና ወደ አባያ ሐይቅ አቅጣጫ ሲወረድ ግን የከርሰ ምድሩ ውሃ ጠባይ ይለወጣል። በሸለቆው ወለል የተለመደው ሶዲየም የበዛበት ውሃ ነው፤ ፍሎራይድም አብሮት ይመጣል። ይህኛው ሳሙና ላያስቸግር ይችላል። ነገር ግን ጨው የበዛበት ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለሚያስተላልፍ በርሜሉን ከዝገት እንድትጠብቅ የተቀመጠችውን የማግኒዚየም ዘንግ ቶሎ ይበላታል። ዘንጓ ስታልቅ ዝገቱ ወደ በርሜሉ ይዞራል፤ የተበሳ በርሜል ደግሞ ጥገና የለውም። በመሆኑም «የወላይታ ውሃ እንዲህ ነው» ብሎ በጅምላ የሚናገር ነጋዴም ሆነ ባለሙያ ሊታመን አይገባም። የሚጠየቀው የከተማው ስም ሳይሆን ቧንቧው ከየትኛው ምንጭ ወይም ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚመጣ ነው። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ያስቆፈረ ሆቴልማ ጎረቤቱን መጠየቅ እንኳ አይጠቅመውም።

ለቤት የሚሆን ፈተና ቀላል ነው። በጠርሙስ ውስጥ ውሃ አድርጎ ትንሽ የገላ ሳሙና ፈቅፍቆ መጨመርና መነቅነቅ ነው። አረፋ እምቢ ብሎ ነጭ ደለል ከታየ ኖራ አለ። በኦሞ መሞከር ግን ዋጋ የለውም፤ ዱቄት ሳሙና በማንኛውም ውሃ ያረፋል። ሃያና ሠላሳ ቦይለር የሚገዛ ባለሀብት ግን በጠርሙስ መተማመን የለበትም። ሶዶ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ነች፤ የውሃ ናሙና ማስመርመር የሚወጣበት ገንዘብ ከአንድ ቦይለር ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ከኖራውም የባሰ አንድ ጠላት አለ፤ እሱም ባዶ ቧንቧ ነው። ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት በኩል የምትገጠም ትንሽ ቫልቭ አለች። ሁለት ሥራ አላት። ውሃ ሲቋረጥ በርሜሉ ውስጥ ያለው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ትይዛለች፤ ግፊት ሲበዛም ጥቂት ጠብ አድርጋ ታስተነፍሳለች። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ በሦስት ሩብ ሊትር ያህል ያብጣል፤ ያ ውሃ መውጫ ይፈልጋል። ባለቤቱ ግን ጠብታውን ሲያይ «ያፈሳል» ብሎ ቫልቯን ያስወጣታል፤ ከዚያም የባሰው መተንፈሻዋን ያስደፍናል። ቫልቯ የወጣችበት ቦይለር ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌሊት ወደ ቧንቧው ሊገለበጥ ይችላል፤ ጠዋት ማብሪያው ሲነካ ኤለመንቱ በደረቁ ይነድዳል። መተንፈሻዋ የተደፈነው ደግሞ፣ ቴርሞስታቱ የተበላሸ ቀን፣ ጉዳዩ ከኤለመንት ዋጋ ያልፋል፤ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል። የመሬት ሽቦ ሳይዘረጋ የተሰቀለ ቦይለርም እንዲሁ ነው። ቅርፊቱ የተሰነጠቀ ኤለመንት ኤሌክትሪኩን ለውሃው ያስረክባል፤ ሻወር ሥር የቆመው ሰው እርጥብ ነው። ለክፍል አከራዩ ይህ የጥገና ወጪ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

የጥገናው ሥራ ራሱ ረቂቅ አይደለም። ብሬከሩ ይጠፋል፤ በቴስተር ኃይል አለመኖሩ ይረጋገጣል፤ ውሃው ይወርዳል፤ ከሥር ያለው ክዳን ተፈትቶ ኤለመንቱ ይወጣል። የ1,500 ዋት ኤለመንት ጤነኛ ከሆነ በቴስተር 32 ኦም ገደማ ያነብባል፤ ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል። ጤነኛው ኖራ ለብሶ ከተገኘ አቼቶ ወይም የሎሚ አሲድ ውስጥ ተነክሮ ይታጠባል። ለሽንት ቤት ማጽጃ የሚሸጠውን ኃይለኛ አሲድ በርሜሉ ውስጥ መጨመር ግን ኖራውን ከነመከላከያ ቅቡ ይዞ ይሄዳል። ማግኒዚየሟ ቀጥናና ተበጣጥሳ ከሆነ ትለወጣለች፤ ጎማውም አብሮ ይለወጣል። ቴርሞስታቱ 60 ዲግሪ አካባቢ ቢቆም ይበቃል። ከዚያ በላይ ኖራውን ይጠራል፤ በጣም ዝቅ ካለም ባክቴሪያ ይራባበታል።

ታዲያ ሥራው ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ገበያው ለምን አልተፈጠረም? ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ያገለገሉ መኪኖች በጻፈውና በ2001 ኖቤል ባሸለመው ጥናት መልሱ አለ። ገዢው ደህናውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁለቱም የሚከፍለው የመጥፎውን ዋጋ ነው፤ ደህናውም ከገበያ ይወጣል። የቦይለሩ ሆድ አይታይም። ማግኒዚየሟን በእውነት የለወጠውና ክዳኑን ሳይፈታ «ሠርቼዋለሁ» ያለው ባለሙያ በዕለቱ የሚሰጡት ሙቅ ውሃ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የሚታየው ከዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ርካሹን ይጠራል፤ ጥሩው ባለሙያም ወደ አዲስ ሕንፃ ዝርጋታ ይሄዳል። መፍትሔው ተራ ነገር ነው። የወጣው አሮጌ ኤለመንትና የማግኒዚየሟ ቅሪት ለባለቤቱ በእጁ ይሰጥ፤ የተለወጠበት ቀንም ቦይለሩ ላይ በማይለቅ ቀለም ይጻፍ።

ነጋዴውም የሚመለሰው ጥያቄ አለ። አሁን ያለው ልማድ ስድስት ሰባት ማርክ ደርድሮ የአንዱንም መለዋወጫ አለመያዝ ነው። ኤለመንቱ የሚታሰርበት ክዳን ስፋትና የብሎኑ ብዛት ከማርክ ማርክ ስለሚለያይ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። «መለዋወጫ ብይዝ ገንዘቤ ይተኛል» የሚለው ክርክር ስድስት ማርክ ለያዘ ነጋዴ እውነት ነው፤ የስድስቱን ኤለመንት፣ ዘንግ፣ ቴርሞስታትና ጎማ መያዝ አይቻልም። ሁለት ማርክ ብቻ ቢይዝስ? በአንድ ቦይለር ዋጋ የሚገዙት ኤለመንቶችና ዘንጎች ብዙ ናቸው፤ መደርደሪያ ላይ የሚይዙት ቦታም ከአንድ ካርቶን ያነሰ ነው። ቦይለር የገዛ ደንበኛ ለቀጣዩ ግዢ ዓመታት ይቆያል፤ ዘንግ የሚፈልግ ደንበኛ ግን ቶሎ ይመለሳል፤ ሲመለስም ሻወር ራስና ቧንቧ ይዞ ይወጣል። በጅምላ የሚልከው አስመጪም ከያንዳንዱ ሃያ ቦይለር ጋር የተወሰነ ኤለመንት እንዲያካትት የመጠየቅ አቅም ያለው ይህ ሁለት ማርክ የመረጠ ነጋዴ ነው፤ በጥቂት በጥቂት ከሁሉም የሚያነሣው አይደለም።

የፀሐይ ማሞቂያ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ለኤሌክትሪኩ ይሻል ይሆናል። ኖራው ግን ሙቀቱ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም፤ ቱቦው ውስጥም ይጋገራል።

ደላሎችን በተመለከተ፣ «ቦይለር አለው» የተባለለትን ቤት የሚያይ ተከራይ ወይም ገዢ ሦስት ነገር ማየት ይችላል። ቫልቯ በቦታዋ መኖሯንና መተንፈሻዋ ክፍት መሆኑን፣ የመሬት ሽቦው መታሰሩን፣ ማግኒዚየሟ መቼ እንደተለወጠች። ለሦስተኛው መልስ ያለው አከራይ ካለ ኪራዩን ትንሽ ከፍ ቢያደርግ አያስከፋም።