ሐይቁ ተነሣ፤ ዘቡስ ማን ነው?

የሐረማያ ሐይቅ ከሞተበት ተነሣ ተብሎ ጭብጨባው ከቀለጠ እነሆ ዓመታት አለፉ። ፎቶግራፉ ተነሣ፤ ጀልባው ተቀዘፈ፤ ወፉ ተመለሰ፤ ተናጋሪው ሁሉ ከመድረክ መድረክ እየተቀባበለ «ተአምር!» አለ። እሰየው! እልል ከሚለው ጋር እኛም እልል ብለናል። ግን በዚያ ሁሉ እልልታ መካከል አንዲት ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ጠፋ። ለመሆኑ ይህን ሐይቅ ነገ የሚጠብቀው ማን ነው? የጠባቂውንስ ደመወዝ የሚከፍለው ማን ነው?

ይህች ጽሑፍ የተጻፈችው ይህንኑ ለመጠየቅ ነው። የሚቀየም ካለ ይቀየም፤ ከሐይቁ የሚበልጥብን ሰው የለም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንነሣ። ሐይቁ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ከከተማችን ወደ 20 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው። ሐረር ለአሥርት ዓመታት ጥሟን የቆረጠችው ከሱ በተሳበ ውሃ ነበር። በአጠገቡ በ1940ዎቹ መጨረሻ የእርሻ ኮሌጁ ተከፈተ፤ ያ ኮሌጅ ዛሬ እኛ የምንማርበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በ1996 እና በ1997 ዓ.ም አካባቢ ያ ሁሉ ውሃ አለቀ። ሐይቅ የነበረው መሬት የከብት መሰማሪያ ሆነ። ጀልባ ይሄድበት በነበረው ላይ ገበሬው ጉድጓድ እየቆፈረ የቀረችውን የከርሰ ምድር ውሃ በሞተር ይስብ ጀመር። አስቡት፤ የእርሻና የውሃ ምሁር በሚፈለፈልበት ግቢ አፍንጫ ሥር አንድ ሐይቅ ሞቶ ተቀበረ!

ሐረርስ? ሐረር ጀሪካን ተሸክማ ቀረች። በጀጎል ጠባብ መንገዶች ውስጥ የቢጫ ጀሪካን ሰልፍ የከተማዋ መለያ እስኪመስል ደረሰ። ኋላም በብዙ ገንዘብ፣ ያውም በብድርና በእርዳታ፣ ከድሬዳዋ ቆላ ከ1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ውሃ በፓምፕ እየተገፋ ሽቅብ ተራራ እንዲወጣ ተደረገ። ውሃ ሽቅብ አይሄድም ይላል የአገራችን ሰው፤ በኤሌክትሪክ ግን ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አይሄድም። ቁልቁል ይወርድልን የነበረውን ውሃ ገድለን ሽቅብ የሚገፋውን ገዛን ማለት ነው።

እንግዲህ ገዳዩ ማን ነው? እዚህ ላይ ብዙው ሰው ጣቱን ወደ ጫት ገበሬው ይቀስራል። በተለይ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ትራሱን ተደግፎ፣ እጁ ላይ ያለችውን ለምለም ቀንበጥ እየቀነጠሰ፣ «ይሄ ጫት እኮ ነው ሐይቁን የጨረሰው» እያለ የሚተነትነው ወንድማችን እጅግ ያስደንቀኛል። ወንድሜ፣ ሐይቁን እያኘክኸው እኮ ነው! ገበሬው ጫት የሚተክለው አንተ ስለምትገዛው ነው። ግማሽ ሄክታር በማትሞላ መሬት ላይ ስምንት ነፍስ የሚያስተዳድር ሰው፣ በበጋ ውሃ አጠጥቶ ዋጋው ሲወደድ አወዳይ የሚሸጠውን ትቶ ማሽላ ብቻ ይዝራ ብሎ መፍረድ ግፍ ነው። ገበሬው ሞተር አስነሥቷል፤ እውነት ነው። ድንቹንም ሽንኩርቱንም ጫቱንም አጠጥቷል። ነገር ግን እሱ ብቻ አይደለም። ከተማውም ዓመት ሙሉ ሌት ተቀን ስቧል። በዙሪያው ያለው ተራራ ተራቁቶ ዝናብ በመጣ ቁጥር አፈሩ እየታጠበ ሐይቁን በደለል ሞላው። የሐይቁ ሆድ በደለል ሲሞላ ውሃው ይሳሳል፤ የሳሳ ውሃ ደግሞ ፀሐይ ቶሎ ታተነዋለች። አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ ነው እንጂ አንድ ነፍሰ ገዳይ የለም። ሁሉም ቀዳ፤ ማንም አልመለሰም። ነገሩ ይኸው ነው።

ታዲያ እንዴት ተመለሰ? ይህንን በደንብ ማወቅ ያሻል፤ ምክንያቱም መነሣቱን «ተአምር» ካልነው ነገ ሲሞት «ቁጣ» ልንለው ነው። የከተማው ትልቁ ቧንቧ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። የዙሪያው ገበሬ ከዩኒቨርሲቲውና ከግብርና ሠራተኞች ጋር ሆኖ በተራራው ላይ እርከን ሠራ፤ ችግኝ ተከለ። ዝናቡም በጎ የሆነባቸው ዓመታት ተከተሉ። ከ2012 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮ ውሃው ተመልሶ ታየ። እንግዲህ ከነዚህ ውስጥ ዝናቡ በእጃችን አይደለም። እርከኑ በእጃችን ነው፤ ግን እርከን በሁለትና በሦስት ክረምት ይናዳል፤ ችግኝም ካልጠበቁት የፍየል ቁርስ ነው። የሚስበው ሞተርም በእጃችን ነው፤ ግን ውሃው በተመለሰበት መንገድ ሞተሩም ይመለሳል። የሞት ምክንያቶቹ ሁሉ ዛሬም በሕይወት አሉ ማለት ነው። ከሞት የተነሣው ሐይቁ ብቻ ነው።

የኛ አገር በሽታ እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘመቻ እንወዳለን፤ ጥበቃ ግን ይሰለቸናል። ለመትከል ሺህ ሰው ይወጣል፤ ለማጠጣት አንድ ሰው ይጠፋል። ጣና ላይ እምቦጭ ከታየ ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ ስንት ዘመቻ ተዘመተ? ሰዉ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ አረሙን ነቀለ፤ ማሽን ተገዛ፤ ዘመቻው ሲያበቃ አረሙ ተመልሶ በቀለ። አዲስ አበባ ላይ በ2011 ዓ.ም ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት የ29 ቢሊዮን ብር ዕቅድ ይፋ ሆነ። ዳርቻው ማማሩን አልክድም። ነገር ግን መናፈሻ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ወንዝ ማለት ሌላ ነገር ነው። አግዳሚ ወንበር ለመትከል በጀት ይገኛል፤ ሪባን ይቆረጥበታላ! ከላይ የሚለቀቀውን ቆሻሻ ሃያ ዓመት ሙሉ እየተከታተለ ለሚከለክል ሰው ግን የሚቆረጥ ሪባን የለም። ስለዚህ በጀትም የለም።

«ሕግ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ሞልቷል! የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ አካላት ዳርቻ እንዲከለል፣ በተከለለው ውስጥ ዛፍ መቁረጥና ቤት መሥራት እንዲከለከል ሥልጣን ይሰጣል። አዋጁ ሐይቁ ከመድረቁ በፊት የወጣ ነው። ሐይቁ አዋጁ እያለ ነው የሞተው! ወረቀት ደመወዝ ካልተከፈለው ዘብ አይቆምም።

ሌላም ቅራኔ አለ፤ እሱን ሸፍነን ብናልፍ ሐቀኞች አንባልም። ሐይቁና ተፋሰሱ ያሉት በኦሮሚያ፣ በምሥራቅ ሐረርጌ ነው። ከተማዋ ያለችው በሐረሪ ክልል ነው። የላይኛው ገበሬ «ውሃው ከደጄ ነው፤ ከተማው ጠጥቶ ለእኔ ምን ተወልኝ?» ይላል። የታችኛው ከተሜ «እኔ ለቆጣሪዬ እከፍላለሁ፤ ሌላው ምን አገባኝ?» ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ሁለት ግማሾቹን የሚያጋጥም ግን የለም። ውሃ ግን የክልል ወሰን አያውቅም፤ ካርታ አንብቦ አይፈስም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ተቺ ሁሉ «ምን ይደረግ» ሲባል ይጠፋል ይባላልና እኛ አንጠፋም።

አንደኛ፣ የሐይቁ ዳርቻና ወደ ሐይቁ የሚገቡት ጅረቶች ግራና ቀኝ በችካል ይከለሉ። ክልሉ የሕዝብ መናፈሻ ይሁን፤ ለማንም ባለ ገንዘብ ሪዞርት መሥሪያ የማይሰጥ፣ የማይሸጥ፣ የማይለወጥ። ደለሉን የሚያጣራው በጅረቱ ዳር የሚበቅለው ሣርና ቁጥቋጦ ነውና እሱ ካልተጠበቀ ሐይቁን መጠበቅ ዘበት ነው።

ሁለተኛ፣ የሞተሩ ነገር በቁጥር ይወሰን። ገበሬውን አባሮ ሳይሆን ከገበሬው ጋር ተቀምጦ፣ የስንት ሰው ሞተር፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ውሃው የት ምልክት ላይ ሲደርስ ይቆማል የሚለው በስምምነት ይጻፍ። ሞተሩን ያቆመ ገበሬ የሚካካስበት ነገር ያግኝ፤ ባዶ እጁን «ተፈጥሮን ውደድ» ብንለው በልቡ ይስቅብናል።

ሦስተኛ፣ ዋናው፣ ቋሚ ገንዘብ ይቋቋም። በየዓመቱ ከሹም ደጅ የሚለመን በጀት አይደለም። ከፕሮጀክት ጋር መጥቶ ከፕሮጀክት ጋር የሚሄድ እርዳታም አይደለም። የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ በ1992 ዓ.ም የውሃ ፈንድ አቋቋመች። የከተማው ውሃ ድርጅት ከሽያጩ በመቶ ይህን ያህል እያለ ያገባል፤ ዋናው ገንዘብ አይነካም፤ ትርፉ ብቻ ለላይኛው ተፋሰስ ጥበቃ ይወጣል፤ የተመሠረተውም ለ80 ዓመት ነው። ኒውዮርክም በ1989 ዓ.ም ቢሊዮኖች የሚፈጅ ማጣሪያ ከመገንባት ይልቅ ውሃዋ የሚመነጭበትን ተራራና የተራራውን ገበሬ መደገፍ ይሻለኛል ብላ ተዋዋለች። ሀብታሟም ደሃዋም ከተማ ያው አንድ ሒሳብ ሠርተው አንድ መልስ አገኙ።

«ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለኝ ይመጣል። ወንድሜ፣ ይሄ አፎቻ ነው! የሐረር ሰው አፎቻን ማን ያስተምረዋል? ሰው ሲሞት ለመቅበሪያ ማን ይለምናል? ቀድሞ ተዋጥቷል፤ ተራው ይታወቃል፤ የቀረ ይቀጣል። የዙሪያው ኦሮሞም አፎሻ ብሎ ያንኑ ነገር ይዞታል። ከላይም ከታችም ያለው ሕዝብ በአንድ ስም የሚጠራው ማኅበር እያለው፣ ሁለት መሥሪያ ቤት በደብዳቤ የሚጻጻፍበት ምክንያት አይገባኝም። ለሬሳ የምናዋጣውን ያህል ለሐይቁ ብናዋጣ ሐይቁ ሬሳ ባልሆነ ነበር።

«ደሃው ላይ ክፍያ መጨመር ግፍ ነው» የሚለው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው፤ ስለዚህ በሒሳብ እንየው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ማለት 50 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ነው። በሜትር ኩብ አንድ ብር ለሐይቁ ቢጨመር በአንድ ጀሪካን 2 ሳንቲም ይደርሳል። እንበል 20,000 ቆጣሪ በወር አምስት አምስት ሜትር ኩብ ቢጠቀም፣ በዓመት 1,200,000 ብር ይሆናል። ብዙ ነው አልልም፤ የዘቦችን ደመወዝና የእርከን ጥገናን ለመጀመር ግን ጅምር ነው። ከዚያም በላይ ብዙ የሚጠጣው ብዙ ይክፈል፤ ሆቴሉና ፋብሪካው ከደሃዋ እናት እኩል አይታይ። ደግሞስ ቧንቧ ሲደርቅ ከሁሉ በላይ የሚከፍል ማን ሆነና? ጀሪካኑን በውድ ከጋሪና ከቦቴ የሚገዛው ያው ደሃው አይደለም? የሐይቅ ሞት ዋጋ አለው። ያንን ዋጋ ደሃው አስቀድሞ ከፍሎታል፤ ደረሰኝ ግን አልተሰጠውም።

«ሐረር ዋናውን ውሃዋን ከቆላ ታገኝ የለም ወይ፤ ለሐይቁ ለምን ትክፈል?» ለሚለውም መልሱ አጭር ነው። አንድ መስመር ብቻ ያለው ከተማ፣ አንድ ዓይና ሰው ማለት ነው፤ አሸዋ ሲገባበት ዕውር ነው። በቅርብ ያለው ሐይቅና በሱ ሥር ያለው የከርሰ ምድር ውሃ የክፉ ቀን ስንቅ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እኛ ተማሪዎችስ? ስንቱ የመመረቂያ ጽሑፍ በዚህ ሐይቅ ላይ ተጽፏል! ሲሞት ስለ መሞቱ ተጻፈ፤ ሲነሣ ስለ መነሣቱ ተጻፈ። ወረቀቱ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ተኛ፤ ዲግሪው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሐይቁ ስንቱን አስመረቀ፤ ከተመራቂዎቹ ስንቱ ተመልሶ አየው? ከዛሬ ጀምሮ የውሃ ተማሪው በየወሩ የውሃውን ከፍታ ለክቶ በአደባባይ ይለጥፍ፤ የሕግ ተማሪው የአፎቻውን ደንብ ይርቀቅ፤ የሐረር ግቢ የጤና ተማሪ የውሃ እጥረት ሕፃናት ላይ የሚያደርሰውን ለከተማው ምክር ቤት በቁጥር ያቅርብ። ይህን ለማድረግ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ሜትርና እርሳስ ይበቃል።

ጀጎልን ተመልከቱት። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያቆመው ግንብ እስከ ዛሬ ቆሞ በ1998 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ድንጋዩ ከሌላ አገር ድንጋይ የተለየ ሆኖ ነው? አይደለም። በፈረሰ ቁጥር የሚጠግነው ትውልድ ስላልታጣ ነው። ግንብ የሠራ አንድ አሚር ነው፤ ያቆየው ግን ስሙ ያልተጻፈ ሺህ ጠጋኝ ነው። ሐይቁም አስነሺው ብዙ ነው፤ ሁሉም ስሙ እንዲጻፍለት ይሻል። የጎደለው ስሙ የማይጻፈው ጠጋኝ ነው።

ሐይቁ አንዴ ሞቶ ይቅርታ አድርጎልናል። ሁለተኛ ይቅርታ እንደሚያደርግ ዋስ የሚሆን ሰው ካለ እጁን ያውጣ!