ሽምብራ ትምባሆ አይደለም

በቲሹ ካልቸር የሽምብራ ቁራጭ አልበቅልም የሚለው ሆርሞን ስላነሰው ነው፣ ሳይቶካይኒን ጨምሩ የሚል ጽሑፍ ወጥቷል። ጸሐፊው የተመረኮዙት ተመራማሪዎቹ ስኩግና ሚለር እ.ኤ.አ. በ1957 በትምባሆ ላይ ባሳዩት የሆርሞን ቀመር ነው። ትምባሆ ግን ላብራቶሪ ውስጥ እሺ ባይ ተክል ነው፤ ጥራጥሬ ሌላ ጣጣ አለው። ሽምብራን ቲዲያዙሮን በተባለው ሳይቶካይኒን ላይ አብዝተው ቢያቆዩት ቀንበጡ ድንክ ሆኖ ይቀራል፣ ሥር ማውጣቱማ የባሰ ያስቸግራል። ባለሙያዎች የሆርሞኑን ቆይታ የሚያሳጥሩት፣ ሥር ያስቸገረውን ቀንበጥም አናቱ በተቆረጠ ችግኝ ላይ ሰክተው የሚያጣብቁት ለጨዋታ ነው? ደግሞስ ቁራጩ ከቅጠል ነው የተወሰደው ወይስ የዘር ቅጠሉ ከግንዱ ከሚጋጠምበት አንጓ? አንጓው ቶሎ ያቆጠቁጣል፤ ቅጠሉ ብዙ ጊዜ እብጠት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለአንዱ ዝርያ የሠራው ቅመማ ለሌላው ላይሠራ ይችላል፤ ጸሐፊው ግን የዝርያውን ስም እንኳ አልጠቀሱም።