ሃያ ጊዜ የሚመርጥ አንድ ተመልካች

የዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር ተመልካቾች ዳኞች ምርጫችንን ነጠቁን እያሉ ሲያማርሩ ቅሬታቸው መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሊቨርፑል ላይ ፊንላንዳዊው ካሪያ ከሕዝብ 376 ነጥብ ሲያገኝ ስዊድናዊቷ ሎሪን ያገኘችው 243 ነበር፤ ዳኞች 340 ስለሰጧት ግን ያሸነፈችው እሷ ናት። የዳኞቹ ነጥብ ሲነበብ አዳራሹ የካሪያን ዘፈን ስም «ቻ ቻ ቻ» እያለ ይጮህ ነበር። ቁጣው ይገባኛል፤ ዳኞችን ማስወጣት ግን መፍትሔ አይሆንም። በቅድሚያ መታረም ያለበት የሕዝቡ ድምፅ አሰባሰብ ነው። እስከ 2025 ድረስ አንድ ሰው እስከ 20 ጊዜ መምረጥ ይችል ነበር፣ በአብዛኛውም እየከፈለ። አንድ ዘፈን ወዶ አንዴ ብቻ የመረጠ ሰው፣ ሃያውንም ለአንድ አገር ካፈሰሰ ደጋፊ ጋር ሲወዳደር ድምፁ ከቁጥር አይገባም፤ ስለዚህ ውጤቱ ስንት ሰው እንደወደደው ሳይሆን ማን አጥብቆ እንደደገፈ ይነግረናል። የወደደ ሰው ደጋግሞ ቢመርጥ ምን ነውር አለው የሚሉ አሉ። ነውሩ የተደራጀ ዘመቻና ትርፍ ገንዘብ ያለው ወገን የሌላውን ድምፅ መዋጡ ነው። ዳኞች በየአገሩ ጥቂት ሰዎች መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁሉንም ዘፈን አዳምጠው ደረጃ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። በ2021 እስራኤልን የወከለችው ቤተ እስራኤላዊቷ ኤደን አለነ ከዳኞች 73፣ ከሕዝብ 20 ነጥብ ያገኘችውም በዚሁ አሠራር ነው። አዘጋጆቹ ለ2026 ጣሪያውን ወደ 10 ማውረዳቸው መልካም ጅምር ነው፤ ወደ አንድ ማውረድ ግን ይቀራቸዋል።