እሳት ሳያጣ የሚበርድ ቤት

በእንግሊዝ አገር፣ ይልቁንም በለንደንና በሌሎቹ አሮጌ ከተሞች፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን በተሠሩት የረድፍ ቤቶች የሚኖር ሰው፣ አገሬውም ሆነ ከእኛ ወገን ተሰዶ የመጣው፣ ኅዳር ገብቶ ብርዱ በጸና ጊዜ ቤቱ አልሞቅ ቢለው ከጎረቤቱም፣ ከቧንቧ ሠራተኛውም፣ ከአከራዩም የሚሰማው ምክር አንድ ዐይነት ነው፤ ይኸውም እሳቱን ጨምር፣ ቴርሞስታቱን ወደ 30 አዙር፣ ይህም ካልበቃ ቦይለሩ አርጅቷልና በሚበልጥ ይለወጥ የሚል ነው። ምክሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ኖሮ እንደ ሕግ ስለ ተቆጠረ መርምሮ የሚጠይቀው ጥቂት ሆኗል፤ እኔ ግን ከመሠረቱ የተሳሳተ መሆኑን፣ ስሕተቱም የድኻውን ኪስ የሚያራቁትና የሕፃናትን ጤና የሚጎዳ መሆኑን በግልጽ ልናገር እወዳለሁ።

የቦይለር ግብሩ ውሃ ማሞቅ ብቻ ነው፤ ሙቀቱን ከውሃው ተቀብሎ ለክፍሉ የሚያድለው ራዲያተሩ ነው። ዛሬ በየቤቱ የተሰቀለው ቦይለር ለገላ መታጠቢያ የሚሆነውን ውሃ በዚያው ቅጽበት እንዲያሞቅ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ዐቅሙ አብዛኛውን ጊዜ 24 ኪሎዋትና ከዚያም በላይ ነው፤ የተለመደ የረድፍ ቤት ግን በብርዱ ቀን እንኳ የሚያፈሰው ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ10 ኪሎዋት በታች ነው። ጠላው ጋኑን ሞልቶ ሳለ በአንዲት ትንሽ ጽዋ ብቻ እየተቀዳ እንግዳው ተጠምቶ ቢያድር፣ ጋኑን በሚበልጥ ጋን መለወጥ ምን ይጠቅመዋል? ቴርሞስታቱም ቢሆን የሚያዝዘው እሳቱ በስንት ዲግሪ እንዲጠፋ ነው እንጂ ምን ያህል እንዲበረታ አይደለምና፣ ወደ 30 የተዞረውና በ20 ላይ የተተወው ክፍሉን የሚያሞቁት በእኩል ፍጥነት ነው።

ነገሩን በቁጥር ላስረዳ። አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ፣ ጣራው 2.7 ሜትር ከፍ ያለ የምድር ቤት ሳሎን እንውሰድ፤ አንደኛው ግድግዳው ወደ ውጭ የሚመለከት ድፍን ጡብ ነው፤ መስኮቱ የቆየ ባለ ድርብ መስተዋት ነው፤ ወለሉም ከሥሩ ነፋስ የሚመላለስበት ሳንቃ ነው። እንዲህ ያለው ክፍል ከውጩ አየር በሚሞቅበት በያንዳንዱ ዲግሪ በግምት 56 ዋት ያፈሳል፤ ስለዚህ ውጩ ዜሮ ዲግሪ በሆነበት ሌሊት ውስጡን በ20 ለማቆየት ወደ 1,100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ሳያቋርጥ ሊገባለት ይገባል። በመስኮቱ ሥር የተሰቀለው ግን አንድ ሜትር ርዝመትና 60 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ ከጀርባው ክንፍ የሌለው፣ ባለ ነጠላ ገጽ አሮጌ ራዲያተር ቢሆን፣ በአማካይ 70 ዲግሪ የሞቀ ውሃ እየተመላለሰበት እንኳ 20 ዲግሪ ለሆነ ክፍል ከ600 ዋት እምብዛም አልፎ አይሰጥም። እንግዲህ ሳሎኑ 13 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቆማል፤ ቦይለሩ ሌሊቱን ሙሉ ቢነድም ከዚያ አይዘልቅም።

ይህንኑ ራዲያተር በዚያው ቦታ፣ በዚያው ርዝመትና ቁመት፣ ድርብ ገጽ ባለውና በመካከሉ የታጠፈ የቆርቆሮ ክንፍ በተበየደለት ቢለውጡት በዚያው ውሃ 1,700 ዋት ያህል ይሰጣል፤ የሚፈለገውም 1,100 ብቻ ስለሆነ የውሃው አማካይ ሙቀት ወደ 56 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ከዚህም የተነሣ ሌላ ትሩፋት ይገኛል። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ በሕግ የታዘዘው የቦይለር ዐይነት ከጭሱ ጋር የሚወጣውን እንፋሎት ወደ ውሃ መልሶ በውስጡ የተሰወረውን ሙቀት የሚያተርፍ ነው፤ ይህን ጸጋ ግን የሚሰጠው ከራዲያተሮቹ የሚመለሰው ውሃ ከ55 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን ነው። ራዲያተሩ ትንሽ ስለሆነ ውሃውን እስከ 80 ዲግሪ የሚያፈላ ሠራተኛ፣ ደንበኛው የከፈለበትን ትርፍ በጭስ ማውጫው ወደ ሰማይ ይሰድደዋል።

ራዲያተሮቹ እንደ ምን እንዲህ አነሡ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ በ1961 እ.ኤ.አ. በሰር ፓርከር ሞሪስ ሰብሳቢነት የቀረበውን የመኖሪያ ቤቶች መስፈርት ይመልከት፤ በዚያ ሳሎኑ 18፣ ወጥ ቤቱና መተላለፊያው 13 ዲግሪ እንዲደርሱ ሲመከር ለመኝታ ቤት ይህን የመሰለ ግዴታ አልተጣለም ነበር። በዚያ ዘመን መኝታ ቤት የመኝታ ብቻ ነበረና ይህ ያስኬድ ይሆናል፤ ዛሬ ግን ልጆቻችን መጽሐፋቸውን ዘርግተው የሚያጠኑት በዚያ ክፍል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ በብርድ ወራት የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ እንዳያንስ መክሯል፤ ለሕፃናት፣ ለሽማግሌዎችና ለሕሙማን ደግሞ ከዚህም ከፍ ሊል እንደሚያስፈልግ ጨምሮ ጽፏል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን ፍዳው በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው። ካርድ እየሞላ ጋዝ የሚጠቀም ተከራይ ቤቱ አልሞቅ ሲለው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ማሞቂያ ገዝቶ ይሰካል፤ በዚያ አገር ኤሌክትሪክ ከጋዝ ብዙ እጥፍ ይወደዳልና ሒሳቡ ያጎብጠዋል፤ የታጠበ ልብስ የሚያሰጣበት ሌላ ሥፍራ ስለሌለው በዚያችው ትንሽ ራዲያተር ላይ ያሰጣል፤ ከልብሱ የተነሣው እንፋሎት በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ረግቶ ጥቁር ሻጋታ ይሆናል። ከዚያም አከራዩ መጥቶ አኗኗራችሁ ነው ይለዋል። ይህ በደል ነው። ግድግዳውን ያልሸፈነ፣ ራዲያተሩን ያልለካ ሰው ተከራዩን ሊገሥጽ ርትዕ የለውም።

ቤቱን የሚመረምር ሰው አስቀድሞ እጁን ይጠቀም። ራዲያተሩ ከላይ ቀዝቅዞ ከታች ቢሞቅ አየር ገብቶበታልና በትንሿ ቁልፍ ይተንፍስ፤ ከላይ ሞቆ ከታች መካከሉ ቢቀዘቅዝ የብረት ዝገት አተላ ሠርቶበታልና ይታጠብ፤ ለቦይለሩ የሚቀርበው ተቃጥሎ የሩቁ ለብ ካለ ውሃው በቅርቡ ብቻ እየዞረ ነውና በእያንዳንዱ ራዲያተር ግርጌ በክዳን የተሸፈነው ቫልቭ የቅርቡ እየጠበበ የሩቁ እየሰፋ ይስተካከል። ይህ የመጨረሻው ሥራ ትዕግሥት እንጂ ዕቃ አይፈልግም፤ ሠራተኞች ግን ጊዜ ስለሚፈጅ ይሸሹታል። መጋረጃው በራዲያተሩ ላይ ወርዶ ወይም ሶፋው ተደግፎበት እንደ ሆነም ይነሣለት። ሁለንተናው እኩል ሞቆ፣ ፊቱም ተከፍቶለት ክፍሉ ገና የሚበርድ ከሆነ ብቻ ራዲያተሩ ማነሡ ተረጋገጠ።

ትልቅ ራዲያተር ብዙ ጋዝ ይበላል የሚሉ አሉ። ክፍሉ ከ13 ወደ 20 ዲግሪ ሲወጣ ወደ ውጭ የሚያፈሰው ሙቀት እንደሚጨምርና ይህም በጋዙ ሒሳብ ላይ እንደሚታይ አልክድም፤ ነገር ግን የሚጨምረው የቤቱ መሞቅ ነው እንጂ የራዲያተሩ ስፋት አይደለም። ይህን ፍሳሽ የሚቀንሰው በጣራው ሥር እስከ 270 ሚሊ ሜትር የሚነጠፈው ልባስ፣ የሳንቃው ስንጥቅ መደፈንና የግድግዳው መሸፈን ነው። የውሃውን ሙቀት ዝቅ የሚያደርግ ሰውም፣ በቤቱ የሙቅ ውሃ ማጠራቀሚያ ጋን ካለ፣ በጋኑ ውስጥ ያለው ውሃ ለጤና ሲባል 60 ዲግሪ መድረስ እንዳለበት አይዘንጋ።

መንግሥት ዛሬ በጋዝ ቦይለር ፋንታ ከውጭ አየር ሙቀት የሚስብ ፓምፕ እንዲተከል በእንግሊዝና በዌልስ 7,500 ፓውንድ ድረስ ይረዳል። ይህ መሣሪያ ሒሳቡ የሚቀናው ውሃውን በ45 ዲግሪ ገደማ ሲያዞር ነው፤ በዚህ ውሃ አሮጌው ባለ ነጠላ ገጽ ራዲያተር ከ300 ዋት በታች ይሰጣል። ራዲያተሮቹ እንደ ነበሩ ተትተው ፓምፑ ብቻ ቢገባ ቤቱ ይበርዳል፤ ሰውም የሚረግመው ፓምፑን ይሆናል። ስለዚህ ቦይለርም ሆነ ፓምፕ የሚሸጥልን ሠራተኛ ወደ ቤታችን ሲገባ አስቀድሞ ሜትሩን አውጥቶ በየክፍሉ የሚፈሰውን ሙቀት ያስላ፤ የየራዲያተሩንም ዐቅም በስንት ዲግሪ ውሃ እንደ ሆነ ጽፎ ያቅርብ፤ ይህ ወረቀት ሳይቀርብለት ባለቤቱ ውል አይፈርም፤ ተከራዩም ከአከራዩ ዘንድ አዲስ ቦይለር ሳይሆን ይህንኑ ወረቀት በጽሑፍ ይጠይቅ።