ንስሐ እስከ ተበዳዩ ደጅ ይድረስ

የዘኬዎስ ታሪክ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ይነገራል። ሕፃናት የቁመቱን ማጠርና የወጣበትን ሾላ አይረሱም። የታሪኩ ክብደት ግን ከዛፉ ከወረደ በኋላ ነው። ሉቃስ በምዕራፍ 19 እንደጻፈው፣ ይህ የኢያሪኮ ቀራጮች አለቃ ቆሞ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች እንደሚሰጥ፣ አታሎ የወሰደውንም 4 እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ተናገረ። ለዚያ ቤት መዳን እንደሆነለት የተነገረው ከዚህ በኋላ ነው።

ዛሬ በብዙ ቤት ንስሐ ተጀምሮ የሚያልቀው በምእመኑና በንስሐ አባቱ መካከል ነው። ምእመኑ ይናዘዛል፤ ካህኑ እንደ አቅሙ ቀኖና ይሰጠዋል። ስግደት፣ ጾም፣ ጸሎትና ምጽዋት ይታዘዛል፤ ቀኖናው ሲፈጸም ወደ ቅዱስ ቁርባን ይቀርባል። ንስሐ ከ7ቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ነውና ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን የተበደለው ሰው የት ገባ? ደመወዟ የተያዘባት የቤት ሠራተኛ፣ ድንበሩ የተገፋበት ገበሬ፣ በሐሜት ስሙ የጠፋ የሥራ ባልደረባ ከዚህ ሁሉ የሚደርሳቸው ነገር ከሌለ፣ ስግደቱ ጉልበት ቢያደክምም በደሉ ካለበት አልተነቃነቀም።

የነነዌ ጾም ይህንኑ ያስተምራል። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ 2 ሳምንት ቀድሞ ለ3 ቀን ይጾማል፤ መነሻውም በትንቢተ ዮናስ የተጻፈው ነው። ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ ማቅ ለበሰ፤ ሰውም እንስሳም እህል ውኃ ተከለከለ። አዋጁ ግን እያንዳንዱ ሰው ከክፉ መንገዱና በእጁ ካለው ግፍ እንዲመለስ ጭምር ያዝዝ ነበር። መጽሐፉ እግዚአብሔር አይቶ እንደማራቸው ሲናገር የሚያነሣው ሥራቸውን፣ ከክፉ መንገዳቸው መመለሳቸውን ነው። ማቁንና አመዱን እዚያ ላይ አልጠቀሰም።

መጥምቁ ዮሐንስም በዮርዳኖስ ዳር ሲሰብክ ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ አልሰጠም። ለቀራጩ ከታዘዘለት በላይ እንዳይወስድ፣ ለወታደሩ ሰውን እንዳይቀማና ደመወዙ እንዲበቃው፣ ሁለት ልብስ ላለው ለሌለው እንዲያካፍል ነገራቸው። ለእያንዳንዱ በየሙያው ማለት ነው። ዛሬ መርካቶ ቢቆም ነጋዴውን ሚዛንህን አስተካክል፣ ቅቤው ውስጥ ሙዝ፣ በርበሬው ውስጥ የሸክላ ዱቄት አትጨምር ባለው ነበር። ባለጉዳይን ነገ ና እያለ እጅ መንሻ የሚጠብቀውን የመሥሪያ ቤት ሠራተኛም አያልፈውም። በፌስቡክ የሰው ስም ያጠፋውንም ልጥፉን በማንሣት ብቻ አይለቀውም፤ ባጠፋበት ገጽ ላይ እውነቱን እንዲጽፍ ያዝዘዋል።

በቅዳሴ ሰዓት የሚሆነውን ልብ ላለ፣ ሥርዓቱ ራሱ ይህን ይጠይቃል። ሥጋ ወደሙ ከመሰጠቱ አስቀድሞ ዲያቆኑ ምእመናን እርስ በርሳቸው የሰላም ሰላምታ እንዲለዋወጡ ያዝዛል። ነጠላ ያጣፋው ሁሉ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዞሮ እጅ ይነሣል። ለማያውቁት ሰው እጅ መንሣት አይከብድም። በውርስ ቤት ምክንያት ለዓመታት ያኮረፉት ወንድም ከዐምዱ ማዶ ቆሞ ከሆነ ግን ሰላምታው ፈተና ይሆናል። ክርስቶስ በተራራው ስብከቱ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ያለው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

በደሉን ለተበዳዩ የገለጠ ሰው ሥራውን ወይም ትዳሩን ሊያጣ፣ ሊታሰርም ይችላል የሚል ሥጋት ይነሣል። ሥጋቱ እውነት ነው። ንስሐ አባት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ካህኑ የሰማውን ኑዛዜ ለማንም አያወጣም፤ የተሰረቀው ገንዘብ ግን የሰራቂው ስም ሳይነሣ በእሱ እጅ ለባለቤቱ ሊደርስ ይችላል። ባለቤቱ ከሞተስ? ለዚህም መልስ አለ። ኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 5 በዳዩ የወሰደውን ከነአምስተኛ እጁ ጨምሮ እንዲመልስ ያዝዛል፤ የሚቀበል የቅርብ ዘመድ ከጠፋ ለካህኑ እንዲሰጥ ይላል። ጥፋቱ ሲነገር ሌላ ቁስል የሚከፍት ከሆነ ደግሞ መቼና እንዴት እንደሚነገር የሚመክረው ያው አባት ነው።

የአገራችን ሽማግሌዎች በዳይን ከተበዳዩ ፊት ማቅረብ ያውቁበታል። በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ፊት ይወድቃል፤ ካሳ ይቆረጣል፤ ይቅር ለእግዚአብሔር ይባባላሉ። ለነፍስ ግድያና ለደም የሚሠራው ይህ ልማድ ለኪራይ፣ ለደመወዝና ለሐሜት የማይሠራበት ምክንያት የለም።

የጎደለው ጥያቄ አንድ ነው፤ የሚጠይቁትም ንስሐ አባቶች ናቸው። ለበዓል ጠበል ሊረጩ ወደ ንስሐ ልጆቻቸው ቤት ሲገቡ፣ ጾሙ እንዴት ነው ካሉ በኋላ በእጅህ የሰው ሐቅ አለ ወይ ብለው ይጠይቁ። ካለም የሚመለስበትን ቀን ቆርጠው ቀኖናው ውስጥ ያስገቡት። የዐቢይ ጾም 55 ቀን የተያዘ ደመወዝ ለመክፈል፣ የተገፋ ድንበር ለመመለስ፣ ያኮረፈ ወንድምን በሽማግሌ ለማስጠራት ከበቂ በላይ ነው። የቤት ሠራተኛዋም የፋሲካን በዓል ገንዘቧን በእጇ ይዛ ወላጆቿ ዘንድ ልትውል ይገባታል።