«ምን ሰጡት?» ስለሚባለው ጥያቄ



በአገራችን በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ አንድ ሰው ሃይማኖቱን ሊለውጥ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ምን ሰጡት?» ተብሎ ነው። ስንዴ ይሆን? ዘይት ይሆን? ወይስ ባሕር ማዶ እንልክሃለን ብለውት ይሆን? ይባላል። ይህ ጥያቄ በዚህ ዓመት በእኔ ላይ ስለ ተነሣ፥ መልሱን በየመንገዱ ከምበትነው በመጽሔታችን ላይ ባሰፍረው ይሻላል ብዬ ብዕር አነሣሁ። የተሰጠኝ ነገር አንድ ቀጭን የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ ነው፤ እርሱም በውሰት ነው።

እኔ የጋይንት ተወላጅ ነኝ። በተወለድሁ በ40 ቀኔ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቄ፥ ፊደልና ዳዊት ከየኔታ እግር ሥር ተምሬ ያደግሁ ስሆን ለዚህ ያለኝ ምስጋና ዛሬም አልቀነሰም። ከሁለት ዓመት በፊት ክረምቱን ባሕር ዳር ከአጎቴ ዘንድ ስቀመጥ፥ ከጎረቤት ልጅ ጋር ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ቅዳሴው በግዕዝ ሥርዓት ነበር። ዜማውም ዕጣኑም ከልጅነቴ የማውቀው ነው። ነገር ግን ካህኑ ስለ አባቶች ሲጸልዩ የሮማውን ሊቀ ጳጳሳት ስም ጠሩ። የእኔ ነገር ሁሉ የተነሣው ከዚያ ስም ነው። ክርስቲያን ሁሉ አንድ ማኅበር ከነበረ በ451 ከተደረገው ከኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ ስለ ምን ተለያየ? ለጴጥሮስ የተሰጠው አደራ ከእርሱ ጋር ተቀበረ ወይስ ለተተኪው ተላለፈ? (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።) የኔታን ጠየቅኋቸው፤ ሳይቈጡ በትዕግሥት መለሱልኝ፤ ከመለሱልኝም ብዙውን ተቀበልሁ። በዚህች በአንዲቱ ጥያቄ ላይ ግን ልንስማማ አልቻልንም። ሁለት ዓመት ሙሉ ካነበብሁና ካሰብሁ በኋላ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ቈርጫለሁ። ይህን የምጽፈውም በጾመ ነቢያት መካከል ሆኜ ስዘጋጅ ነው።

«ምን ሰጡት?» የሚሉትን ሰዎች አልቀየማቸውም፤ የሕዝባችን ጥርጣሬ ከባዶ የመጣ አይደለምና። ከጣና በላይ በደንቀዝ ተቀምጠው ይገዙ የነበሩት ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት መቀበላቸውን በታሪክ ትምህርት ሁላችንም ተምረናል። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ ቋንቋችንን ተምሮ በትዕግሥት የጀመረውን ሥራ፥ እርሱ በ1622 ከሞተ በኋላ በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በአዋጅ ሊፈጽመው ፈለገ። በ1626 ንጉሡ ለሮማ መታዘዛቸውን በአደባባይ ማሉ። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፥ ካህናቱም እንደገና ክህነት ይቀበሉ፥ የጾምና የበዓል ቀንም ይለወጥ ተባለ። ገበሬው ተነሣ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዘውዱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። በእኔ አስተያየት ካቶሊክነትን በዚህ አገር ሜንዴዝን ያህል የጎዳ ጠላት የለም።

ዛሬ ሕጉ ሌላ ነው፤ ይህንንም አባቴ በጣም ስለሚጠራጠሩት በግልጥ እጽፈዋለሁ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የተዋሕዶን ጥምቀት ትቀበላለች፤ ስለዚህ እንደገና አልጠመቅም፤ የሚፈለግብኝ የእምነት ቃል መስጠት ነው። በ1990 የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ከምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣ ሰው የገዛ ሥርዓቱን እንዲጠብቅ ያዛል፤ 14 ዓመት ያልሞላውንም ልጅ ወላጆቹ ሳይወዱ መቀበልን ይከለክላል። እኔ 18 ዓመቴ ነው። ገናውም ያው ታኅሣሥ 29 ነው።

አሁን ስለ አንድ ሰው እንድናገር ይፈቀድልኝ። አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 በጎጃም በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ ተወለዱ። አንድ ዓይናቸው ከልጅነታቸው የጠፋ ቢሆንም፥ ብዙዎቻችን በሁለት ዓይን ከምናነበው የበለጠ አነበቡ። መንኵሰው መጻሕፍት እየፈለጉ ከገዳም ወደ ገዳም ዞሩ፤ ሊቃውንቱ በቅብዓትና በጸጋ ተከፋፍለው ይከራከሩባት ወደ ነበረችው ወደ ጎንደርም ገቡ። በ1841 ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ እንዲያመጡ ወደ ግብፅ ከላኳቸው መልእክተኞች ጋር ሲሄዱ፥ እኛ አቡነ ያዕቆብ የምንላቸውን ጣሊያናዊውን ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስን በመንገድ አወቋቸው። እስከ ሮማና እስከ ኢየሩሳሌም ደርሰው ተመለሱ። ልብ በሉ፤ ሮማን ባዩ ማግሥት አልተለወጡም። ካቶሊክ የሆኑት በ1844 ነው። ከ50 ዓመት በላይ የሆናቸው፥ ስማቸው የታወቀ ሊቅ ሦስት ዓመት ጠየቁ፤ ተከራከሩ፤ መረመሩ። በ1851 ቅስና ተቀበሉ። በ1854 ጎንደር ላይ ተይዘው ሃይማኖታቸውን እንዲክዱ ብዙ ተሠቃዩ፤ እምቢ ስላሉም በ1855 ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ኋላ በሰንሰለት እየተጐተቱ ሲሄዱ በዚያው ዓመት እንደ ታሰሩ ሞቱ። በ1926 ሮማ ብፁዕ ብላ ሰየመቻቸው። እንግዲህ ለእርሳቸው ምን ሰጧቸው? ግንድና ሰንሰለት።

ዐፄ ቴዎድሮስን እኔም እንደ ማንኛውም የደብረ ታቦር ተማሪ አከብራቸዋለሁ። የተበታተነ አገር አንድ ለማድረግ ሲደክሙ የሃይማኖቱ መለያየት እንቅፋት መስሎ ታያቸው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም በ1879 በሸዋ የነበሩትን ካቶሊካዊውን ጳጳስ ጉሊኤልሞ ማሳያን እዚሁ ወደ ደብረ ታቦር አስጠርተው ከአገር እንዲወጡ ያዘዙት በዚህ ዓይነት አሳብ ይመስለኛል። ነገር ግን ሱስንዮስ በአዋጅ ያስገቡት አሥር ዓመት አልቈየም፤ አንድ ዓይና መነኵሴ በጥያቄ ያገኙትን ደግሞ ሰንሰለት አላስጣላቸውም። በ1994 የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 27 ሰው የመረጠውን ሃይማኖት የመቀበል መብት ሰጥቶታል፤ ጎረቤት ግን አንቀጽ አይጠቅስም።

ስለ ስንዴውም ዝም አልልም። በችግር ቀን ለተራበ ሰው እህል መስጠት የክርስቲያን ሁሉ ግዴታ ነው። እህሉን በአንድ እጅ፥ የሃይማኖት መጽሐፉን በሌላው እጅ ይዞ የሚመጣ ማንም ቢሆን ግን፥ ካቶሊክም ይሁን ሌላ፥ ድሀውን ሰድቧል እላለሁ። በ2007 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ካቶሊኩ ከመቶ 0.7 ብቻ ነበር። በ2015 የተቋቋመው የባሕር ዳርና የደሴ ሀገረ ስብከትም ገና ልጅ ነው። ቁጥር ለማብዛት ሲባል ቢቻኰል ግን የሜንዴዝ ታሪክ ይደገማል ብዬ እሠጋለሁ።

ከዘመኑ ሁሉ ጾመ ነቢያትን ስለ ምን መረጥህ ያሉኝ ጓደኞች አሉ። ይህ ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ ነቢያት የጠበቁትን የምንጠብቅበት ነው፤ እኔም ለጠባቂ ሰው የሚስማማ ጊዜ ሆኖ አገኘሁት። ገብሱ ተወቅቶ ወደ ጎተራ ሲገባ፥ የጉና ብርድም ሲበረታ፥ ስብከት፥ ብርሃን፥ ኖላዊ የሚባሉት ሦስት እሑዶች ይመጣሉ። የላቲን ሥርዓት ካቶሊኮች አራት እሑድ ሲቈጥሩ፥ በግዕዝ ሥርዓት ያለን የምንቈጥረው እነዚህኑ እናቴ የምትቈጥራቸውን ሦስቱን ነው። አመሻሽ ላይ የምንበላውም ያንኑ ሽሮ ከአንድ መሶብ ነው።

ሆኖም እናቴ አንድ ቀን «ጾሙን አብረን ጾመን፥ የገና ዕለት ለየብቻችን ልንቈርብ ነውን?» ብላ ጠየቀችኝ። ለዚህ ያዘጋጀሁት መልስ የለኝም። በ1973 የሮማው ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ሺኖዳ 3ኛ ስለ ክርስቶስ ያላቸውን እምነት በአንድነት ገልጠው ፈርመዋል፤ በ1993 ደግሞ የእኛው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሮማ ሄደው ከዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ጋር ተገናኝተዋል። ይህን ሁሉ ነገርኋት። እርስዋ ግን የጠየቀችው ስለ ፓትርያርኮች ሳይሆን ስለ እኔና ስለ እርስዋ ነበር። ሃይማኖት ሲለወጥ በእውነት የሚከፈለው ዋጋ ይህ ነው፤ «ምን ሰጡት?» የሚሉት ሰዎች ግን ስለዚህ ሲጠይቁ አልሰማሁም።

አባቴ «ሂድ» አላሉኝም፤ «አትሂድ»ም አላሉኝም። ለኖላዊ እሑድ ግን በወረታ በኩል ባሕር ዳር ድረስ አብረውኝ ሊሄዱ ነው። ካህኑን ራሳቸው እንዲጠይቋቸው ሦስት ጥያቄ በወረቀት ጽፈው በኪሳቸው ይዘዋል። ለእኔ አላሳዩኝም።