ማስመሪያው ዋሸ ወይስ ፓምፑ?



በቋንቋችን መገመትና መለካት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የሚገምት ሰው ዓይኑንና ምኞቱን ይከተላል፤ የሚለካ ሰው ግን ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ አስቀድሞ ይወስናል፤ ከወሰነም በኋላ ለራሱ ስሜት አያዳላም። የዛሬው ጉዳያችን በአደባባይ የማይነገር ቢሆንም፥ በብዙ ቤት ውስጥ ጭንቀት ያሳደረ በመሆኑና የጤና ነገር ነውር ስለሌለበት፥ በግልጽ ልናስረዳው ወደናል።

ስማቸው እንዳይገለጽ የጠየቁ አንድ ባለትዳር አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልናል። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ነው። በስኳር በሽታ ምክንያት ስንፈተ ወሲብ ስለ ደረሰባቸው ሐኪም የአየር መምጠጫ ፓምፕ አዘዘላቸው፤ መሣሪያውም እንደ ታሰበው ጠቀማቸው። ነገር ግን ብልታቸው በቱቦው ውስጥ ሳለ በቱቦው ጎን የተጻፈውን ቁጥር ሲያነቡ ከቀድሞው 2 ሳንቲ ሜትር በልጦ ስላገኙት፥ «እንግዲያስ እያደገ ነው» ብለው ሐኪሙ ከወሰነላቸው ጊዜና ኃይል አልፈው መሳብ ጀመሩ። በሦስተኛው ሳምንት ቆዳቸው ጠቆረ፤ ቀያይ ነጠብጣብም ወጣበት፤ ይህንንም ከባለቤታቸው ሸሸጉ። በማግሥቱ ጧት በማስመሪያ ቢለኩ ያገኙት ያንኑ የዱሮውን ልክ ሆነ። «ለመሆኑ የዋሸኝ ማስመሪያው ነው ወይስ ፓምፑ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

መልሳችን ይህ ነው፤ ሁለቱም አልዋሹም። ስሕተቱ ያለው ከየት እንደ ተለካና መቼ እንደ ተለካ ላይ ነው።

አስቀድሞ መሣሪያው የሚሠራውን እንመልከት። ፓምፑ አንድ ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ፥ በእጅ ወይም በባትሪ የሚሠራ አየር መሳቢያና አንድ የላስቲክ ቀለበት አለው። አየሩ ከቱቦው ሲሳብ ደም ወደ ብልቱ ይገባል፤ ብልቱም ይቆማል፤ ቀለበቱ በሥሩ ላይ ሲጠልቅ ደሙ ተመልሶ እንዳይወጣ ለጊዜው ይይዘዋል። አሳቡ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1917 ዓ.ም. ኦቶ ሌደረር የተባለ ሰው በአሜሪካ ለእንዲህ ያለ መሣሪያ የፈጠራ መብት አግኝቶ ነበር። ኋላም በጆርጂያ ክፍለ ሀገር በኦገስታ ከተማ ይኖር የነበረው ጌዲንግስ ኦስቦን ለራሱ ችግር የሠራውን መሣሪያ አሻሽሎ፥ በ1982 ዓ.ም. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ለገበያ እንዲቀርብ ፈቀደለት። እንግዲህ መሣሪያው የተሠራው ብልትን ለማቆም ነው እንጂ ለማሳደግ አይደለም።

ዋግምት ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። አጋሚው ቀንዱን በቆዳ ላይ ደፍቶ አየሩን በሳበው ጊዜ ሥጋው ወደ ቀንዱ ውስጥ ያብጣል፤ ቀንዱ ሲነሣም ክብ ሆኖ ያበጠው ቦታ ይታያል። ሆኖም ትከሻዬ አደገ የሚል ሰው ማንም የለም፤ እብጠቱ ቆይቶ እንደሚወርድ ሁሉም ያውቃልና። በፓምፑም ቱቦ ውስጥ የሚሆነው እንደዚሁ ነው። አየሩ ሲሳብ ደም ብቻ ሳይሆን በደም ሥሮች ውስጥ ያለው ውሃማ ፈሳሽም ከቆዳው ሥር ይጠራቀማል። ይህን በጊዜው የሚለካ ሰው በርበሬን ውሃ ረጭቶ እንደሚመዝን ነጋዴ ነው፤ ሚዛኑ እውነቱን ተናግሯል፤ ነገር ግን የተመዘነው ውሃ ነው።

በቱቦው ላይ ያለው ቁጥር የማይታመንበት ሌላም ምክንያት አለ። አንደኛ፥ የቱቦው ቁጥር የሚጀምረው ከቱቦው አፍ ነው፤ የሰውነት ልክ ግን የሚጀምረው ከአጥንት ነው። ሁለተኛ፥ አየሩ ሲበረታ በብልቱ ሥር ያለው ለስላሳ ቆዳና ስብ፥ አንዳንድ ጊዜም የቆለጡ ከረጢት ቆዳ፥ አብሮ ወደ ቱቦው ይገባና ርዝመት መስሎ ይቈጠራል። ሦስተኛ፥ ክብ የሆነ ፕላስቲክ በውስጡ ያለውን ነገር አዛብቶ ሊያሳይ ይችላል። ስለ ውፍረትም ቢሆን ያበጠው ሥጋ ቱቦውን ከሞላ የምናነበው የቱቦውን ስፋት እንጂ የሰውየውን ልክ አይደለም። ቀለበቱ እንደ ጠለቀ መለካትም አይረዳም፤ ማስመሪያው በቀለበቱ ላይ ያርፋልና ወደ አጥንቱ አይደርስም።

እንግዲህ ትክክለኛው አለካክ የሚከተለው ነው።

የሚለካው ፓምፑን ከመጠቀም በፊት ነው፤ ተጠቅመው ከሆነ እብጠቱ ፈጽሞ እስኪወርድ ድረስ ቢያንስ እስከ ማግሥቱ መቆየት ይገባል። ብርድ ብልትን ስለሚያሳጥር ክፍሉ ሞቅ ያለ ይሁን። የማይተጣጠፍ ማስመሪያ ይያዝ፤ ብዙ ማስመሪያ ከዜሮው መስመር በፊት ትርፍ ጠርዝ ስላለው፥ ያ ትርፍ መጀመሪያ መታየትና በተነበበው ቁጥር ላይ መደመር አለበት። ሰውየው ቆሞ ማስመሪያውን በብልቱ የላይኛው ወገን ያኑር፤ ጫፉንም ከብልቱ በላይ ያለው አጥንት እስኪሰማ ድረስ በዝግታ ይጫን። ይህን የምንለው በዚያ ስፍራ ያለው ስብ ከሰው ሰው ስለሚለያይና ሰው ሲወፍርና ሲከሳ ስለሚለዋወጥ ነው፤ አጥንቱ ግን ቦታውን አይለቅም። ከዚያም እስከ ብልቱ ራስ ጫፍ ድረስ በቀጥታ ይነበብ፤ የሸለፈቱ ትርፍ አይቈጠርም። በታችኛው ወገን ወይም በጎን መለካት የተለየ ቁጥር ስለሚሰጥ አይደባለቅ።

ብልቱ ሳይቆም የሚለካ ከሆነ ሕመም እስከማይሰማ ድረስ ወደ ፊት ቀስ ብሎ ተስቦ ይለካል። ውፍረቱ ግን በቆመ ጊዜ በልብስ ሰፊ ሜትር ወይም በወረቀት ቅዳጅ፥ ሳያጠብቁና ሳያላሉ፥ በመካከሉ ተጠምጥሞ ይወሰዳል። በተለያዩ 3 ቀኖች ተለክቶ አማካዩ ከቀኑ ጋር በደብተር ይጻፍ። ከሦስቱ ትልቁን መርጦ መያዝ መለካት አይባልም፤ መመኘት ነው።

በዚህ ዓይነት ሲለካ ምን ተገኘ? በ2006 ዓ.ም. የታተመ የኢራን ሐኪሞች ጥናት፥ ተስቦ ሲለካ ርዝመታቸው ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች የሆኑ 37 ወንዶችን፥ በሳምንት 3 ጊዜ ለ20 ደቂቃ ያህል ለ6 ወር በፓምፕ አክሟል። አማካዩ ርዝመት ከ7.6 ወደ 7.9 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለ ደረሰ፥ ሐኪሞቹ ለውጡን ከቁም ነገር አልቈጠሩትም። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የለንደን ተመራማሪዎች በጤና ባለሙያዎች የተለኩ እስከ 15,521 ወንዶችን የያዙ ጥናቶችን አሰባስበው ነበር። ተስቦ የተለካው አማካይ 13.24፥ ቆሞ የተለካው 13.12 ሳንቲ ሜትር ሆኗል። ሁለቱ ቁጥሮች መቀራረባቸው ተስቦ የሚወሰደው ልክ ለሐኪም ሥራ በቂ መሆኑን ያሳያል። አማካይ ማለትም ሰው ሁሉ ሊደርስበት የሚገባ ደረጃ ማለት አይደለም፤ ከአማካዩ በላይም በታችም እጅግ ብዙ ጤነኛ ሰው አለ።

ለጠየቁን አንባቢ የምንሰጠው ምክር እንግዲህ የታወቀ ነው። ክቡር ሆይ፥ ቆዳዎ እስኪድን ድረስ ፓምፑን ይተዉት፤ ላዘዘልዎም ሐኪም የጠቆረውን ቦታ ያሳዩ። ወደ ፊትም የሳበውን ኃይል የሚገድብ መቈጣጠሪያ በሌለው ፓምፕ አይጠቀሙ፤ ቀለበቱንም ከ30 ደቂቃ በላይ አያቆዩ፤ ሕመም ወይም መደንዘዝ ከተሰማዎ ወዲያው ያውልቁት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ወይም የደም በሽታ ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር መሣሪያውን ሊነካው አይገባም። የስኳር በሽታ የደም ሥርንና የስሜት ነርቭን ስለሚጎዳ፥ እርስዎ ሳይታወቅዎ ሊቈስሉ ስለሚችሉ ከሌላው ሰው የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልግዎታል።

ከሁሉ በላይ ለባለቤትዎ ይንገሩ። መሣሪያው የታዘዘው ሁለታችሁ በአንድ ቤት በደስታ እንድትኖሩ ነበር፤ ይህንንም ፈጽሞላችሁ ነበር። ጉዳት የመጣው በትዳራችሁ ማንም ያልጠየቀው ቁጥር ሲፈለግ ነው። ያ ጧት ያነበቡት የማስመሪያው ቁጥር ተስፋ ያስቈረጠዎ ቢመስልዎም፥ ከከፋ ጉዳት የመለሰዎ እርሱ ነው። አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ጭምር ነው፤ እብጠቱ በሌሊት ይወርዳል፤ ልኩ ግን በነጋም ጊዜ በቦታው ይገኛል።